የሬቲና ምስል ጠርቷል፤ የሚነጻጸረው ከማን ዓይን ጋር ነው?

ግላኮማ የተጠረጠረበት ሰው ኦፕቲካል ኮሂረንስ ቶሞግራፊ (ከዚህ በኋላ ኦሲቲ) በተባለው መሣሪያ ሲመረመር የሚወጣው የውጤት ወረቀት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም የያዘ ነው። አረንጓዴው ልኬቱ ከጤነኞች ወሰን ውስጥ መሆኑን፣ ቢጫው ወሰኑ ላይ መድረሱን፣ ቀዩ ደግሞ ከወሰኑ መውጣቱን ያመለክታል። ታካሚ በሚበዛበት ክፍል ውስጥ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በቁጥሩ ላይ ሳይሆን በቀለሙ ላይ ነው። ቀለሙ ግን ከሬቲናው የመጣ አይደለም፤ መሣሪያው የታካሚውን ልኬት አስቀድሞ ከተጫኑለት የጤነኛ ሰዎች ልኬቶች ጋር አነጻጽሮ የሰጠው ፍርድ ነው።

ስለ ሬቲና ምስል ቴክኖሎጂ የሚጻፉ ዳሰሳዎች በአብዛኛው የሚያተኩሩት ምስሉ እንዴት እየጠራ እንደመጣ በማሳየት ላይ ነው። ይህ ጽሑፍም ያንን መንገድ በአጭሩ ይከተላል፤ ዋና ትኩረቱ ግን ከምስሉ በኋላ በሚመጣው ደረጃ ማለትም በማነጻጸሩ ላይ ነው። ምስሉ እየጠራ በሄደ ቁጥር የምርመራው እርግጠኝነት ምስሉ በሚነጻጸርበት መረጃ ላይ ይበልጥ ጥገኛ እየሆነ መጥቷል፤ ይህም በእኛ አገር ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ከመሣሪያው እጥረት ያልተናነሰ ጉዳይ ነው የሚል እምነት አለኝ። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከማየት ወደ መለካት

የሰው የዓይን ብሌን ጥቁር ሆኖ የሚታየው ከውስጡ ብርሃን ስለማይወጣ አይደለም። ወደ ዓይን የገባ ብርሃን ተመልሶ የሚወጣው በመጣበት መንገድ ወደ ምንጩ ነው፤ ተመልካቹ ዓይኑን በዚያ መንገድ ላይ ለማኖር ሲሞክር የራሱ ጭንቅላት ብርሃኑን ይጋርደዋል። ጀርመናዊው ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1851 ያስተዋወቁት ኦፍታልሞስኮፕ ይህንን እንቅፋት ያስወገደው ብርሃኑን በከፊል በሚያንጸባርቅ መስታወት አማካይነት ከተመልካቹ የእይታ መስመር ጋር በማገናኘት ነው። በ1886 ጃክማንና ዌብስተር የሕያው ሰው ሬቲና ፎቶግራፍ ሲያሳትሙ ምስሉን ለማንሳት ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ተመርማሪው ዓይኑን ሳያንቀሳቅስ መቆየት ነበረበት። በ1926 ደግሞ የካርል ዛይስ ኩባንያ ከስዊድናዊው ሐኪም ኖርደንሰን ጋር ያዘጋጀው የሬቲና ካሜራ ለገበያ ቀረበ።

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ የመጣው ከሁለት ተማሪዎች ነው። በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የነበሩት ኖቮትኒና አልቪስ፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጠውን ፍሎረሲን የተባለ ማቅለሚያ በክንድ ደም ሥር በመውጋት በሬቲና የደም ሥሮች ውስጥ ሲፈስ ፎቶግራፍ ማንሳት እንደሚቻል በ1961 አሳተሙ። ጽሑፋቸው በአንድ የዓይን ሕክምና መጽሔት ተቀባይነት አጥቶ በደም ዝውውር ሕክምና መጽሔት ላይ መውጣቱ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ መጠነኛ ማጽናኛ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የደም ሥር መኖሩን ብቻ ሳይሆን የሚያፈስ፣ የተዘጋ ወይም ያለቦታው የበቀለ መሆኑንም ማየት ቻለ።

እስከዚህ ድረስ የተነሡት ምስሎች ሁሉ ሬቲናን ፊት ለፊት የሚያሳዩ ነበሩ። ሬቲና ግን ሩብ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ባለው ሕብረ ሕዋስ ውስጥ በልማድ አሥር ተብለው የሚቆጠሩ ንብርብሮችን የያዘ አካል ነው፤ ብዙዎቹ በሽታዎችም የሚጀምሩት በአንዱ ወይም በሌላው ንብርብር ነው። በአልትራሳውንድ እንደሚደረገው ወደ ውስጥ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን መቁጠር ለዚህ ልክ ጥራት አይበቃም። በድምፅ ፈንታ ብርሃን ቢላክ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥማል፤ በሕብረ ሕዋስ ውስጥ በ10 ማይክሮሜትር ከሚበላለጡ ሁለት ቦታዎች የሚመለሱ ብርሃኖች የመድረሻ ጊዜ ልዩነት ከ100 ፌምቶሰከንድ ያነሰ ነው። ይህንን በቀጥታ የሚቆጥር የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የለም።

በ1991 ዴቪድ ሁዋንግ፣ ኤሪክ ስዋንሰን፣ ጄምስ ፉጂሞቶና ባልደረቦቻቸው ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያቀረቡት የኦሲቲ ዘዴ ጊዜውን ከመቁጠር ይልቅ ብርሃኑን ከራሱ ጋር ማነጻጸርን መረጠ። የብርሃኑ ጨረር ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ ዓይን፣ ሁለተኛው ርቀቱ ወደሚታወቅ መስታወት ይላካል፤ ሲመለሱም እንዲደራረቡ ይደረጋል። ብርሃኑ ሆን ተብሎ ብዙ የሞገድ ርዝመቶችን የያዘ ስለሆነ፣ ሁለቱ ጨረሮች ተጠናክረው ወይም ተጣፍተው ምልክት የሚሰጡት የተጓዙት ርቀት በጥቂት ማይክሮሜትሮች ልዩነት ውስጥ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ምልክቱ በተገኘ ቁጥር ብርሃኑ ከየትኛው ጥልቀት እንደተመለሰ ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ትኩረት ይሻል። በተራ ማይክሮስኮፕ ጥልቀትን የመለየት አቅም የሚወሰነው በሌንሱ ክፍት ስፋት ነው፤ በሕያው ዓይን ደግሞ ያንን ስፋት የሚገድበው ብሌኑ ነው። በኦሲቲ ግን ጥልቀትን የመለየት አቅም ከብሌኑ ጋር አይያያዝም። የብርሃኑን ማዕከላዊ የሞገድ ርዝመት በራሱ አባዝተን፣ ለሞገዶቹ ስርጭት ስፋት አካፍለን፣ ውጤቱን በ0.44 ስናባዛ እናገኘዋለን። ማዕከሉ 840 ናኖሜትር፣ ስርጭቱ 50 ናኖሜትር ለሆነ ብርሃን ውጤቱ በአየር ውስጥ 6 ማይክሮሜትር ያህል፣ ብርሃን ቀስ ብሎ በሚጓዝበት ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ደግሞ 4.5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ይህም ከአንድ ቀይ የደም ሴል ስፋት ያነሰ ነው።

በ1991 የታየው ምስል ከአስከሬን ከተወሰደ ሬቲና የተነሣ ነበር። በሕያው ሰው ሬቲና ላይ የተሠራው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሆን መሣሪያው ለገበያ የቀረበው በ1996 ነው። በ2002 የወጣው ትውልድ በሰከንድ 400 የጥልቀት መስመሮችን ያነብ ነበር። መስታወቱን ወደፊትና ወደኋላ ማንቀሳቀስ ቀርቶ የተመለሰው ብርሃን በየሞገድ ርዝመቱ ተከፋፍሎ መነበብ ሲጀምር፣ ከ2006 ወዲህ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ20 ሺህ መስመሮች በላይ ሆነ፤ የሞገድ ርዝመቱን በፍጥነት በሚቀያይር ሌዘር የሚሠሩት ደግሞ 100 ሺህ ደርሰዋል። ፍጥነቱ ለቅንጦት የተፈለገ አይደለም። ዓይን ዝም ብሎ ሲመለከት እንኳ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ዘገምተኛ መሣሪያ የሚያወጣው ምስል የተዛባ ይሆናል። ሁዋንግ፣ ፉጂሞቶና ስዋንሰን በ2023 የላስከር ሽልማት የተሰጣቸው ለዚሁ ሥራ ነው።

የኦሲቲ ውጤት በሕክምናው ላይ ያመጣውን ለውጥ በሁለት በሽታዎች ማየት ይቻላል። በዕድሜ ምክንያት በሚመጣው የማኩላ መጎዳት፣ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዳይበቅሉ የሚከላከሉ መድኃኒቶች ወደ ዓይን ውስጥ በመርፌ ይሰጣሉ፤ መርፌው መቼ መደገም እንዳለበት ለመወሰን ሐኪሙ የሚመለከተው በኦሲቲ ምስል ላይ በንብርብሮቹ መካከል ፈሳሽ መኖር አለመኖሩን ነው። በግላኮማ ደግሞ ታካሚው የእይታው ጠርዝ መጥበቡን ከማስተዋሉ በፊት የእይታ ነርቭ ክሮች ይሳሳሉ፤ ኦሲቲ ይህንን መሳሳት በማይክሮሜትር ይለካል። ያለ ማቅለሚያ የደም ሥሮችን የሚያሳየው የኦሲቲ አንጂዮግራፊ፣ 200 ዲግሪ ያህል የሚሸፍኑት ሰፊ ካሜራዎች፣ እንዲሁም ከሥነ ፈለክ ምርምር የተወሰደውና ነጠላ የብርሃን ተቀባይ ሴሎችን ለማየት ያስቻለው የሞገድ ማረሚያ ዘዴ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጽሑፍ ስለሚገባቸው እዚህ በስም ብቻ አልፋቸዋለሁ።

ቀለሙ የሚመጣበት ቋት

መለካት ሲጀመር ጥያቄው ይለወጣል። ሐኪሙ ምስሉን ሲያይ "ይህ ምንድን ነው?" ይላል፤ ቁጥር ሲያይ ግን "ይህ ከስንት ነው?" ማለቱ አይቀርም። የነርቭ ክሮቹ ውፍረት 78 ማይክሮሜትር ነው ቢባል ቁጥሩ ብቻውን ጤናም በሽታም አይደለም። ስለዚህ አምራቾች የጤነኞች ማነጻጸሪያ ቋት ያዘጋጃሉ። በተለመደው አሠራር ከጤነኞቹ 5 በመቶ የሚሆኑት ብቻ የሚያገኙት ዝቅተኛ ልኬት ቢጫ፣ 1 በመቶው ብቻ የሚያገኙት ደግሞ ቀይ ይሆናል።

ከአሠራሩ ራሱ ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ ከሃያ ፍጹም ጤነኞች አንዱ ከቢጫው ወሰን በታች መውደቁ የመሣሪያው ብልሽት ሳይሆን የወሰኑ ትርጉም መሆኑ ነው። በነርቩ ዙሪያ ያለው ክብ እንደ ሰዓት ገጽ በ12 ተከፍሎ ሲለካ ደግሞ ዕድሉ ይጨምራል። አሥራ ሁለቱ ክፍሎች እርስ በርስ የማይገናኙ ቢሆኑ ኖሮ ከጤነኞች 46 በመቶዎቹ ቢያንስ በአንድ ክፍል ቢጫ ወይም ቀይ ያገኙ ነበር፤ ክፍሎቹ የተያያዙ በመሆናቸው ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ቢያንስም ከ5 በመቶ በእጅጉ እንደሚበልጥ ግልጽ ነው። አንዲት ቀይ ክፍል ብቻዋን ለሕይወት ዘመን የዓይን ጠብታ በቂ ምክንያት የማትሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛውና ይበልጥ አሳሳቢው ነገር ቋቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ማንነት ነው። በሰፊው ጥቅም ላይ ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱ የሆነው የዛይስ ሲረስ የመጀመሪያ ቋት 284 ጤነኛ አዋቂዎችን የያዘ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ አፍሪካ አሜሪካውያን አምስተኛውን እጅ አይሞሉም ነበር። የነርቭ ክሮቹን ውፍረት ሲያነጻጽርም ያስተካክል የነበረው በዕድሜ ነው፤ በዘር ሐረግ ወይም በዓይን ኳስ ርዝመት አያስተካክልም ነበር። ቅርብ ብቻ የሚያዩ ሰዎች ዓይናቸው ረዘም ስለሚል የነርቭ ክሮቻቸው ልኬት ሳስቶ ይታያል፤ ባለሙያዎች ይህን በሽታ የሌለበትን ቀለም "ቀዩ በሽታ" እያሉ ይጠሩታል። በተቃራኒው ቀደም ሲል ወፍራም ክሮች የነበሩት ሰው ብዙ ካጣ በኋላም አረንጓዴ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህኛው ደግሞ የከፋ ነው፤ ታካሚው በደስታ ወደ ቤቱ ይሄዳልና።

በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች የእይታ ነርቭ ራስና በመካከሉ ያለው ጎድጓዳ ሥፍራ ከነጮቹ በአማካይ ሰፋ ያሉ ሲሆኑ፣ የማኩላቸው ማዕከላዊ ውፍረት ደግሞ ሳሳ ያለ ነው። የመጀመሪያው ጤነኛውን ግላኮማ ያለበት ያስመስለዋል። ሁለተኛው የስኳር ሕመም ያመጣውን መጠነኛ የማኩላ እብጠት ከወሰን በታች ሊደብቅ ይችላል። እነዚህን ውጤቶች ወደ ኢትዮጵያ በቀጥታ ማምጣትም አይቻልም። የአፍሪካ አሜሪካውያን የዘር ሐረግ በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የሚመዘዝ ነው፤ "አፍሪካዊ" የሚለው አንድ ሳጥን የጎንደርን፣ የጅማንና የጋምቤላን ነዋሪ ከሌጎስ ነዋሪ ጋር አንድ ላይ ይከታል። ስለሆነም በአገር ውስጥ የሚሠራ የጤነኞች ልኬት ጥናት፣ ምንም እንኳ አዲስ ግኝት ያለው ባይመስልም፣ በእኔ ግምት ለአንድ የማስተርስ መመረቂያ ከሚመረጡ ርዕሶች ሁሉ ጠቃሚው ነው። ጥናቱ የዓይን ኳስን ርዝመትና የምስሉን የምልክት ጥንካሬ አብሮ ካልመዘገበ ግን ዋጋው ይቀንሳል፤ ምልክቱ ሲደክም የነርቭ ክሮቹ ከእውነታው ሳስተው ይለካሉና።

ስልተ ቀመሩ ሲፈርድ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህንን የማነጻጸር ሥራ ይበልጥ አስፍቶታል፤ ይበልጥም ደብቆታል። በ2016 የጉግል ተመራማሪዎች በ128,175 የሬቲና ፎቶግራፎች ያሠለጠኑት ስልተ ቀመር የስኳር ሕመም በሬቲና ላይ ያደረሰውን ጉዳት ከዓይን ሐኪሞች ጋር በሚቀራረብ ብቃት ለየ። በሚያዝያ 2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያለ ሐኪም ንባብ ውጤት የሚሰጠውን አይዲኤክስ ዲአር የተባለ ሥርዓት ፈቀደ። ለዚህ ፈቃድ መሠረት የሆነው በ900 ሰዎች ላይ የተጀመረው ጥናት ሥርዓቱ ከታማሚዎች 87 በመቶ የሚሆኑትን እንደሚያገኝ፣ ከጤነኞች ደግሞ 91 በመቶ ያህሉን በትክክል እንደሚያሰናብት አሳይቷል።

እነዚህ መቶኛዎች በሥራ ላይ ምን እንደሚሆኑ በምሳሌ እንመልከት። የስኳር ሕመም ካለባቸው 1,000 ሰዎች መካከል ወደ ሐኪም መላክ የሚገባቸው 100 ናቸው ብለን እናስብ። ሥርዓቱ 87ቱን ያገኛል፤ 13ቱ ያመልጡታል። ከቀሩት 900 ውስጥ ደግሞ 81 ያህሉን በስህተት ይልካል። ስለዚህ ከተላኩት 168 ሰዎች ግማሽ የሚጠጉት የሚፈለገው ጉዳት የለባቸውም። ከክሊኒኩ እስከ ዓይን ሐኪሙ ያለው መንገድ አንድ ፎቅ መውጣት ከሆነ ይህ ቀላል ነው፤ የአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞና የአዳር ወጪ ከሆነ ግን ያው ቁጥር ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።

ስልተ ቀመሩ የተማረባቸው ምስሎች ከሚሠራባቸው ሰዎች ሲለዩ ምን ይሆናል? የሬቲና ፎቶግራፍ ቀለም ከሬቲናው ሥር ባለው ሜላኒን ይለወጣል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ምስል ጠቆር ይላል። በ2021 በርሊናና ባልደረቦቻቸው ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው የበሽተኞች ምስሎች በሥልጠናው ውስጥ በሌሉበት ሁኔታ የሠለጠነ ስልተ ቀመር፣ ፈካ ያለ ቆዳ ላላቸው 73 በመቶ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላላቸው ግን 60.5 በመቶ ትክክል እንደነበረ አሳይተዋል። ተስፋ የሚሰጥ ተቃራኒ ማስረጃም አለ። በሲንጋፖር ምስሎች የሠለጠነ ሥርዓት በዛምቢያ የስኳር ሕመም ባለባቸው 1,574 ሰዎች ላይ ተፈትኖ በ2019 በታተመው ውጤት መሠረት ወደ ሐኪም መላክ ከሚገባቸው 92 በመቶ ያህሉን አግኝቷል፤ ከማይገባቸው ደግሞ 89 በመቶውን በትክክል ለይቷል። ሁለቱ ጥናቶች እርስ በርስ አይጣሉም። አንድ ስልተ ቀመር ወደ ሌላ ሕዝብ ሲሻገር መልካም ሊሠራ ወይም ሊሳሳት ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው እዚያው ሲፈተን ብቻ ነው።

ማስተካከያው ሁልጊዜ ብዙ መረጃ የሚጠይቅ አለመሆኑን በለንደን የሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታልና የዲፕማይንድ ተመራማሪዎች በ2018 ያሳተሙት ሥራ ያስረዳል። ሥርዓታቸው በሁለት የተከፈለ ነው፤ አንደኛው ክፍል የኦሲቲውን ምስል ወደ ንብርብሮች ካርታ ይቀይራል፣ ሁለተኛው ካርታውን አይቶ ይወስናል። ሌላ አምራች በሠራው ኦሲቲ ሲሞከር የስህተቱ መጠን 46.6 በመቶ ደረሰ። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ በ152 ተጨማሪ ምስሎች ሲያስተምሩት ወደ 3.4 በመቶ ወረደ። መቶ ሃምሳ ያህል በጥንቃቄ የተሰመሩ ምስሎች ማዘጋጀት ደግሞ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል ከኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ጋር ተባብሮ ሊወጣው የሚችል ሥራ ነው።

የማይነበበው ምስል

ከላይ የተጠቀሱት የአሜሪካው ጥናት መቶኛዎች የተሰሉት ሊነበቡ በቻሉ ምስሎች ላይ ነው። በአሜሪካው ጥናት ምስላቸው ሊነበብ የቻለው 96 በመቶ ያህል ናቸው። በታይላንድ 11 ክሊኒኮች የጉግልን ሥርዓት በሥራ ላይ የተከታተለው በ2020 የታተመ ጥናት ግን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከገቡት 1,838 ምስሎች 21 በመቶዎቹ ከሚፈለገው ጥራት በታች ሆነው ውድቅ መደረጋቸውን ዘግቧል። መለኪያዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ መቀናነስ አይገባም፤ የታይላንዱ ምክንያት ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነርሶቹ ክፍሉን ማጨለም አይችሉም ነበር፤ ብሌኑ በበቂ ሁኔታ ሳይሰፋ ፎቶግራፉ ይነሣል፤ የኢንተርኔት መስመሩም አንዳንድ ጊዜ ወረፋውን ያቆመዋል።

በኢትዮጵያ በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይደረባል። በ2005 እና በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ለዚህም ግማሽ ያህሉን ድርሻ የያዘው የዓይን ሞራ መሆኑን፣ ከትራኮማ የሚመጣው የዓይን ብሌን ፊት መጥቆርና መጠባሳ 11.5 በመቶ እንደሚይዝ አሳይቷል። ግላኮማ 5.2፣ የማኩላ መጎዳት 4.8 በመቶ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሬቲና በሽታዎች አይደሉም፤ ሬቲናን ከካሜራው የሚጋርዱ መጋረጃዎች ናቸው። ሞራ በጀመረው ዓይን ውስጥ የሚያልፍ የኦሲቲ ብርሃን ይዳከማል፤ ምልክቱ ሲዳከም ክሮቹ ሳስተው ይለካሉ፤ ወረቀቱም ግላኮማ በሌለበት ቢጫ ወይም ቀይ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የተነሣ በሌላ አገር የጥናት ዘዴ "ጥራት የጎደላቸው ምስሎች ከትንተናው ወጥተዋል" የሚለው ዓረፍተ ነገር እዚህ ሲገለበጥ ትርጉሙ ይለወጣል። ከትንተናው የሚወጡት ምስሎች የካሜራ ባለሙያው ስህተት ብቻ አይደሉም፤ በቀዶ ሕክምና ብርሃናቸው ሊመለስ የሚችል ሰዎች በብዛት ያሉት በእነርሱ ውስጥ ነው። አንድ ስልተ ቀመር ምስሉን ማንበብ ሲያቅተው "እንደገና ይነሣ" ብሎ ከማቆም ይልቅ "ሞራ ወይም ጠባሳ መኖሩ ይታይ" ብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና መስመር እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። ለዚህም የዓይኑን የፊት ክፍል የሚያሳይ አንድ ተጨማሪ ፎቶግራፍ ከሬቲናው ምስል ጋር አብሮ ቢነሣ ምክንያቱን ለመለየት ይረዳል። በዚህ ዙሪያ ጥናት ለመሥራት የሚያስብ ሰው የማይነበቡትን ምስሎች ቁጥር ብቻ ሳይሆን ያልተነበቡበትን ምክንያት በየተመርማሪው መዝግቦ፣ የማግኘት አቅሙን መቶኛ ሲያሰላ እነርሱንም በአካፋዩ ውስጥ ማካተት ይኖርበታል።